አጥንቱን ከመጣላችን በፊት፦ ስለ መቅኔና ስለ ቤት ምግብ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንዲሁም ከማጀት ሥራ ጋር ገና በመተዋወቅ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ይህን መድረክ ላዘጋጁልን፣ ስለ ቤት ምግብ እንዲህ ረጋ ብለን እንድንነጋገር ላሰባሰቡን ሁሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ መቅኔ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሥጋ ገዝተን ወደ ቤት ስንገባ ስንቶቻችን ነን አጥንቱን የምንፈልገው? ስንቶቻችን ነን «አጥንቱን አውጣልኝ» ብለን ሥጋ ቆራጩን የምናዝዘው? አጥንቱን ከወሰድንም በኋላ ስንቶቻችን ነን በውስጡ ያለውን አውጥተን የምንበላው፣ ስንቶቻችንስ ነን ቀቅለን እንዳለ የምንደፋው? መልሱን ለየራሳችሁ እተወዋለሁ። እኔ ግን የቤት ምግብ አሠራር በማስተምርባቸው ዓመታት ያየሁት፣ ከጠቅላላው ሥጋ ውስጥ ጣዕሙ እጅግ የበረታው ክፍል በብዙ ቤት ሳይቀመስ ወደ ቆሻሻ እንደሚሄድ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ዛሬ የምናገረውም ስለሚያሳዝነኝ ነው።

የምናገረው ስለ አራት ነገሮች ነው። መጀመሪያ መቅኔ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ሰው ከመቼ ጀምሮ እንደሚበላው፣ ከዚያ ለሰውነታችን የሚሰጠውንና የማይሰጠውን፣ በመጨረሻም በቤታችን እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። አራቱ እኩል ጊዜ አይወስዱም። በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ብዙ የተሳሳተ ነገር የሚነገረው በሦስተኛው፣ ብዙ መቅኔ የሚባክነው ደግሞ በአራተኛው ላይ ነውና።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። መቅኔ በአጥንት ውስጥ ባለው ክፍት ቦታ ተሞልቶ የሚገኝ ለስላሳ የአካል ክፍል ነው። ቀይና ቢጫ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ቀዩ ደም የሚሠራው ነው፤ በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ውስጥ ብቻ በየቀኑ 200 ቢሊዮን የሚጠጉ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያመርታል። ቢጫው ግን በአብዛኛው ስብ ነው። ሰውም ሆነ ከብት ሲወለድ መቅኔው ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይ ነው፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ከእጅና ከእግር ጫፍ እየጀመረ ወደ መሃል አካል ቀስ በቀስ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ስለዚህ በአዋቂ ከብት ጭንና ቅልጥም ውስጥ የምናገኘው ቢጫው ሲሆን፣ በአከርካሪ፣ በጎድን፣ በዳሌና በረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ቀዩ ነው። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅመናል? የጥጃ ቅልጥም ገዝታችሁ መቅኔው ቀላ ብሎ ብታገኙት ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት ይጠቅማችኋል፤ ቀላ ያለው እንስሳው ገና ልጅ ስለነበረ ነው።

ስለ ስቡ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። ከጭኑ ተነሥታችሁ ወደ ሰኮናው በወረዳችሁ ቁጥር በአጥንቱ ውስጥ ያለው ስብ እየለሰለሰ ይሄዳል። የእግር ጫፍ ከሰውነት መሃል ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ስቡ በዚያ ቅዝቃዜ እንዳይረጋ ተፈጥሮ በአነስተኛ ሙቀት የሚቀልጠውን የስብ ዓይነት አብዝታ ታስቀምጥበታለች። ከፍሪጅ ያወጣችሁት የጭን መቅኔ ጠጥሮ ሳለ ከታችኛው እግር የወጣው በማንኪያ የሚታፈስ ሆኖ ብታገኙት ምክንያቱ ይህ ነው።

መቅኔ የእንስሳው የመጨረሻ ጎተራም ነው። እንስሳ ሲራብ መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ፣ ከዚያ በሆድ ዕቃው ዙሪያ ያለውን ይጨርሳል፤ የመቅኔው ስብ የሚነካው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሞቶ የተገኘ የዱር እንስሳ በረሃብ ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ተመራማሪዎች የጭኑን አጥንት ሰብረው የሚያዩትም በዚህ ምክንያት ነው። መቅኔው ጠጣርና ነጣ ያለ ከሆነ እንስሳው ስንቅ ነበረው፤ ቀልቶና ውሃ አዝሎ እንደ ዝልግልግ ከሆነ ግን ስንቁ ሁሉ አልቆ ነበር ማለት ነው። ለእኛም ምልክቱ ይጠቅመናል። ከአዋቂ ከብት የወጣ ጥሩ መቅኔ ሙሉ፣ ጠጣር፣ ከነጭ እስከ ለጋ ሮዝ ያለ ቀለም ያለው፣ ሽታውም ንጹሕ የሆነ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ታሪኩ ነው። ሰው መቅኔን መብላት የጀመረው ድስት ከመሥራቱ በፊት ነው፤ ምናልባትም ሰው የሚለውን ስም ከመያዙ በፊት ነው። በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ ቡሪ በተባለው ሥፍራ፣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የእንስሳት አጥንቶች ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ሆነዋል። ከእነርሱ መካከል ከከብት ወገን የሆነ እንስሳ የቅልጥም አጥንት አለ፤ በላዩ ላይ ሥጋ የተፋቀበት የድንጋይ ስለት ምልክትና አጥንቱ በድንጋይ የተመታበት ጠባሳ በግልጽ ይታያል። አጥንትን ሥጋው ከተፋቀ በኋላ ለምን ይመቱታል? በውስጡ ያለውን ፈልገው እንጂ ለሌላ አይደለም።

እስቲ ይህን አስቡት። አንበሳ ሥጋውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ምን ይቀራል? አጥንት ይቀራል። ጥርሳቸው አጥንት የማይሰብር፣ ጥፍራቸው ቆዳ የማይቀድ ፍጡራን ድንጋይ በማንሣታቸው ብቻ ከጅብ ጋር የሚሻሙበት ምግብ አገኙ። ከሰው ሌላ ይህን ብልሃት በራሱ መንገድ የደረሰበት አንድ ወፍ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ እርሱም ባለጺሙ ጥንብ አንሳ ነው። ትልልቅ አጥንቶችን ተሸክሞ ወደ ሰማይ ከፍ ይልና አለት ላይ ጥሎ ይሰብራቸዋል፤ የምግቡም አብዛኛው ክፍል አጥንትና መቅኔ ነው።

ቆየት ብሎ ደግሞ ሰው መቅኔን ለነገ ማስቀመጥ ተማረ። እስራኤል ውስጥ ቀሰም በተባለው ዋሻ፣ ከ420,000 እስከ 200,000 ዓመታት በፊት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የአጋዘን እግር አጥንቶችን ከነቆዳቸው እያስቀመጡ ከሳምንታት በኋላ መቅኔውን ይበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ቆዳው ከደረቀ በኋላ ሲገፈፍ በአጥንቱ ላይ የሚቀረው የስለት ምልክት ከትኩሱ ስለሚለይ ነው፤ ራሳቸው ሞክረውም መቅኔው እስከ ዘጠኝ ሳምንት ድረስ ለምግብነት እንደሚቆይ አረጋግጠዋል። አጥንቱ እንደ ታሸገ የምግብ ቆርቆሮ ሆኖ አገልግሏል ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ኖይማርክ ኖርድ በተባለው ሥፍራም ከ125,000 ዓመታት በፊት ኒያንደርታሎች የተባሉት የጥንት የሰው ዘመዶች ከ170 በላይ የሆኑ ትልልቅ እንስሳትን አጥንት በአንድ ቦታ ሰባብረው፣ በውሃ አፍልተው ስቡን ያወጡ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቧል። እኛ ዛሬ የአጥንት መረቅ ስንጥድ የምንሠራው ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ በየቤታችን የገባ አንድ ዕቃም አለ። ዴኒ ፓፓን የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ላይ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ክዳኑ የጠበቀ ድስት ለሳይንስ ሊቃውንት አሳየ። ዓላማው ምን ነበር? ጠንካራ አጥንትን አለስልሶ በውስጡ ያለውን ምግብ ማውጣት ነበር። ድስቱ እንዳይፈነዳ የሠራው የእንፋሎት ማስተንፈሻም በኋላ ለእንፋሎት ሞተር ተርፏል። እናቶች፣ ባቄላውንም ሥጋውንም ቶሎ የሚያደርስላችሁ ፕሬዠር ኩከር የተወለደው አጥንት ለመቀቀል ነው!

ዛሬም በየሀገሩ ገበታ ላይ መቅኔ የክብር ቦታ አለው። ሚላኖች የጥጃ ቅልጥምን ከነአጥንቱ አግድም ቆርጠው በቀስታ ያበስሉትና መቅኔውን በመጨረሻ በማንኪያ አውጥተው ይበሉታል። ሕንዶችና ፓኪስታኖች ሌሊቱን ሲበስል ባደረ የቅመም ወጥ ላይ ቅልጥም ይጨምራሉ፤ ፊሊፒናውያን ቡላሎ የሚሉት ሾርባ አላቸው። በእንግሊዝ ቀጭንና ረጅም የብር መቅኔ ማውጫ ከገበታ ዕቃ ጋር ተሠርቶ ይቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ለንደን ውስጥ በተከፈተው ሴንት ጆን በተባለው ምግብ ቤት ፈርገስ ሄንደርሰን የጠበሰውን መቅኔ ከፐርሰሜሎ ሰላጣና ከተጠበሰ ዳቦ ጋር ማቅረብ ሲጀምር፣ በብዙ ከተሞች ያሉ አብሳዮች የረሱትን አጥንት እንደገና አነሡት። የድሀ ቤት ድስትና የባለጠጋ ገበታ በአንድ አጥንት ላይ የተገናኙባቸው ምግቦች ብዙ አይደሉም፤ መቅኔ ግን አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጉዳይ ልሻገር፤ እዚህ ላይ ጆሯችሁን በደንብ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

አንድ ጊዜ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት እናት እጃቸውን አንሥተው «ልጄ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ መቅኔ ብበላ አጥንቴ ይጠገናል ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሁሉም መልሱን ይፈልግ ነበር። እኔም «እማማ፣ መቅኔ ይበሉ፤ ይጣፍጥዎታል፣ ኃይልም ይሰጥዎታል። ነገር ግን ለጉልበትዎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ ቅሬታ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ሰው ሕክምናውን ትቶ አጥንት ሲቀቅል እንዲከርም ማድረግ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንዲህ አልኩ? የምንበላው መቅኔ ተነሥቶ ወደ እኛ አጥንት ሄዶ መቅኔ አይሆንም። ሆዳችን ውስጥ እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጫል፣ ይፈርሳል፣ ወደ ስብና ወደ ጥቂት ፕሮቲን ይለያያል፤ ሰውነትም እንደሚያስፈልገው ያውለዋል። ደም የሚሠራ አካል በልቶ ደም መሥራት፣ አጥንት በልቶ አጥንት መጠገን የሚባለው ነገር በሥነ ሕይወት የሚደገፍ አይደለም።

ታዲያ መቅኔ ምን ይሰጣል? ኃይል ይሰጣል፣ ጣዕም ይሰጣል። ለምሳሌ ካሪቡ የተባለው የሰሜን ዋልታ አጋዘን ጥሬ መቅኔ በ100 ግራም ውስጥ 84 ግራም ያህል ስብ፣ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ወደ 790 የሚጠጋ ካሎሪ አለው። ከስቡ ብዙው ክፍል በወይራ ዘይት ውስጥም የሚገኘው ኦሌይክ አሲድ ነው፤ ሆኖም የሚረጋው የስብ ዓይነትም አብሮት አለ። በብርድ ሀገር ለሚኖር አዳኝ ይህ ሕይወት ነበር። ቀኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ግን ጥቂቱ በቂ ነው። ሐኪም ስብ እንዲቀንስ የነገረው ሰው በመቅኔም ላይ ያንኑ ምክር ይጠብቅ፤ መቅኔ ከሕጉ ውጭ የሆነ ልዩ ስብ አይደለም።

ሌላም የሚቀላቀል ነገር አለ፤ ይህም መቅኔና የአጥንት መረቅ ናቸው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይናገራል። የአጥንት መረቅ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋው ከመቅኔው የተነሣ አይደለም። የሚያረጋው ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን የሚመጣው ደግሞ በአጥንቱ፣ በጅማቱ፣ በቆዳውና በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ለረጅም ሰዓት ሲፈላ ነው። መቅኔው በመረቁ ላይ የሚንሳፈፈውን ስብ ይሰጣል፤ አጥንቱና ጅማቱ ደግሞ መረቁን ወፍራም ያደርጉታል። እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው።

ስለ ጄላቲን ካነሣሁ አይቀር አንድ የቆየ ታሪክ ልንገራችሁ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ድሆችን በርካሽ ለመመገብ ከአጥንት የወጣ ጄላቲን እንደ ሙሉ ምግብ ይሰጥ ጀመር። ነገሩ ክርክር አስነሣ፤ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በፍራንሷ ማዣንዲ የሚመራ ኮሚሽን አቋቁሞ ለዓመታት አስመረመረ። እ.ኤ.አ. በ1841 የወጣው ሪፖርት ጄላቲን ብቻ የበሉ ውሾች በሕይወት መቆየት እንዳልቻሉ ገለጸ። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ፤ ጄላቲን ትሪፕቶፋን የተባለው ሰውነት በራሱ ሊሠራው የማይችለው የፕሮቲን ክፍል ጨርሶ የለውም። ይህን የምነግራችሁ መረቅን ለመንቀፍ አይደለም። ለበሽተኛ ወይም ለልጅ «መረቁ ይበቃዋል» ብለን ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ጥራጥሬውን እንዳንነፍገው ነው። ካልሲየሙም እንደዚሁ ነው። አጥንት ካልሲየም የሞላበት ቢሆንም በውሃ ሲፈላ ወደ መረቁ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ ኮምጣጤ ቢጨመርበት መጠኑ ከፍ ይላል እንጂ ወተትን የሚተካ አይሆንም።

ስለ ደኅንነትም አንድ ነገር ልበል፤ የሚፈራ ሰው ስላለ። በብሪታንያ የከብት እብደት በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በሽታው ወደ ሰው እንደተላለፈ ከታመነ በኋላ፣ መንግሥት በታኅሣሥ 1997 ከነአጥንቱ ያለ የበሬ ሥጋ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ክልከላው ከሁለት ዓመት በኋላ ተነሣ። የበሽታው ዋና መኖሪያ አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰርና ከአከርካሪው ጋር የተያያዙት ነርቮች ናቸው፤ በሽታውን የሚቆጣጠሩ ሀገሮች ሕግም ከሰው ምግብ የሚያስወጣው በተለይ እነዚህን ነው። ስለዚህ ለመቅኔ የምንመርጠው የእግር አጥንት ነው፤ እንስሳውም በእንስሳት ሐኪም ተመርምሮ የታረደ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ።

መቅኔ የሚሠራ ሰው አጥንቱን ከመጣዱ በፊት አንድ ውሳኔ መወሰን አለበት። የምፈልገው መቅኔውን መብላት ነው ወይስ መረቁን መጠጣት? ሁለቱን በአንድ ጊዜ የፈለገ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ያጣል። መቅኔ በደቂቃዎች ይበስላል፤ መረቅ ግን ሰዓታት ይፈልጋል። በፈላ ድስት ውስጥ ግማሽ ቀን የቆየ ቅልጥም ውስጡ ባዶ ቀዳዳ ይሆናል፤ ሁሉም ቀልጦ ወደ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ቆርጣችሁ ግቡ። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ደግሞ ለመረቁ የሚሆኑትን የመገጣጠሚያ አጥንቶች አስቀድማችሁ ጥዳችሁ፣ ቅልጥሙን በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ጨምሩት። መቅኔው ከአጥንቱ እንዳያመልጥ የተቆረጡትን ጫፎች በጨው አሽታችሁ ወይም ቅልጥሙን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ብትጨምሩት ይበልጥ ይጠበቃል። ድስቱ በኃይል አይፍላ፤ ውሃው ገና እየተንቀጠቀጠ ይቆይ።

ለመጥበስ ሥጋ ቆራጩን የጭኑን አጥንት በመጋዝ እንዲቆርጥላችሁ ጠይቁት፤ ወይ አግድም በአምስትና በስምንት ሴንቲ ሜትር ልክ፣ ወይ ደግሞ በርዝመቱ ለሁለት። በርዝመቱ የተሰነጠቀው ለመብላት ይቀልላል፤ አግድም የተቆረጠው ደግሞ መቅኔውን ይይዛል። እባካችሁ በመዶሻ ወይም በመጥረቢያ አትስበሩት። የአጥንት ስንጥር በለስላሳው መቅኔ ውስጥ ተደብቆ ይገባል፤ ጥርስ ይሰብራል፣ ጉሮሮ ይወጋል። በተለይ ለሕፃናት የምታቀርቡ ከሆነ መቅኔውን ከአጥንቱ አውጥታችሁ በጣታችሁ ዳብሳችሁ ነው መስጠት ያለባችሁ።

ከዚያ መዘፍዘፍ አለ። አጥንቱን በጨው ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አቆዩት፤ ውሃውንም ጥቂት ጊዜ ቀይሩለት። በመቅኔው ውስጥ የቀረው ደም ይወጣል፤ ሲበስል ግራጫ ከመሆን ይልቅ ነጣ ያለ መልክ ይይዛል። የቸኮለ ሰው ይህን ሊዘለው ይችላል፤ ምግቡ አይበላሽበትም፣ መልኩና ጣዕሙ ግን ይለያል። እኔ አልዘለውም።

ኦቨኑን በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁት። አጥንቱን ደረቅ አድርጋችሁ፣ የተቆረጠውን ፊት ወደ ላይ አቁማችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ አስገቡት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። መድረሱን የምታውቁት በቀጭን ቢላ ጫፍ ስትወጉት ያለ ምንም ተቃውሞ ሲገባና መቅኔው ከአጥንቱ ዳር መላቀቅ ሲጀምር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ደቂቃ ኪሳራ ነው። አንድ ተማሪዬ፣ ጎበዝና ትጉህ ወጣት፣ «ሥጋ በደንብ ይብሰል» ሲባል ስላደገ አጥንቶቹን ለአንድ ሰዓት ያህል አቆያቸው። ሲያወጣቸው ትሪው ላይ የቀለጠ ስብ ተኝቶ አጥንቶቹ ውስጣቸው ክፍት ሆኖ አገኘ። በጣም አዘነ። እኔ ግን «ስቡን አትድፋው» አልኩት፤ አጥልለን ድንች ጠበስንበት፤ ክፍሉም ሁሉ በላ። መቅኔ ቀልጦም ቢሆን ምግብ ነው፤ የሚጠፋው ሲደፋ ብቻ ነው።

ሲቀርብ ትኩስ መሆን አለበት። የቀዘቀዘ መቅኔ አፍ ላይ ይረጋል፣ ይከብዳል። አብሮት የሚሄደው ሦስት ዓይነት ነገር ነው፤ የሚያኮመጥጥ፣ የሚያረካ ጨው፣ የሚንኮሻኮሽ። ሎሚ፣ ሻካራ ጨው፣ የተጠበሰ ዳቦ። ፐርሰሜሎ ወይም ቀይ ሽንኩርት በሎሚ አሽታችሁ ከጎኑ ብታደርጉ ስቡን ያቀልለዋል። ስብ ብቻውን ምላስን ያሰለቻል፤ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ግን እያንዳንዱ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ከአጥንቱ አውጥታችሁ በወጥ መጨረሻ ላይ ማዋሃድም ትችላላችሁ፤ ወጡ ይወፍራል፣ ያበራል። የጀርመን ቤቶች መቅኔውን ከደቀቀ ደረቅ ዳቦና ከእንቁላል ጋር አቡክተው ትንንሽ ድብልብል እየሠሩ በሾርባ ውስጥ ይቀቅሉታል፤ አንድ አጥንት ለብዙ ሰው የሚዳረስበት ግሩም ዘዴ ነው።

ይህ መዳረስ የሚለው ነገር አያቴን ያስታውሰኛል። አያቴ ቅልጥም ስትቀቅል ከድስቱ አውጥታ ለአንድ ሰው አትሰጥም ነበር። ሰሃን ላይ ታራግፈዋለች፤ በማንኪያ ጀርባ ትለነቅጠዋለች፤ ዳቦ ላይ ስስ አድርጋ ትቀባለች፤ ከዚያ በእድሜ ሳይሆን በተቀመጥንበት ተራ ታድለናለች። ታላቅ ወንድሜ አንድ ቀን «ለኔ ብቻ ስጪኝ» ሲላት «መቅኔ ብቻውን የሚበላው ሰው ይሰለቸዋል፤ የተካፈለው ግን ይጠግባል» አለችው። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሳየው ትክክል ነበረች፤ ይህን ያህል የሰባ ምግብ ለአንድ ሰው በዛ ሲባል ይከብዳል፣ ለስድስት ሰው ጥቂት ጥቂት ሲዳረስ ግን ልኩ ነው። አንድ የሠለጠነ ሰው የምግብ መጠን ሲወስን የሚያስበውን እርሷ በማንኪያዋ ታደርገው ነበር።

መረቁን በተመለከተ ባጭሩ ልናገር። አጥንቱን በቀዝቃዛ ውሃ ጀምሩ፤ ሲሞቅ የሚወጣውን አረፋ በጭልፋ ግፈፉ፤ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፤ ለበሬ አጥንት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ስጡት። በኃይል ከፈላ ስቡ ከውሃው ጋር ተደባልቆ መረቁ ይደፈርሳል። ጃፓኖች ለአንዳንድ ሾርባቸው ሆን ብለው እንዲህ ያደርጉታል፤ ጥርት ያለ መረቅ የሚፈልግ ግን ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ሰዓቱን በእጅጉ ያሳጥረዋል። ሲያልቅ በጠባብ ወንፊት አጥልሉት።

አንድ አደገኛ ልማድ አለ፤ ትልቁን ድስት ከነትኩሱ ምድጃ ላይ ትቶ ማደር። ሙቀቱ ለባክቴሪያ ምቹ በሆነበት መጠን ላይ ሌሊቱን ይቆያል፤ ጠዋት መልሶ ማፍላትም ባክቴሪያው የተወውን መርዝ ሁሉ አያጠፋም። መረቁን ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሉት፤ ዕቃዎቹን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ በሚቀጥሉት አራት ሰዓታት ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርድ አድርጉት። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ለሦስትና ለአራት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ለወራት ይቆይላችኋል። ጥሬውን ቅልጥምም ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ሆኖም ስብ ስለሆነ ብርድ ውስጥም ቢሆን ቀስ በቀስ ጣዕሙ ይበላሻል፣ የከረመ ዘይት ሽታ ያመጣል። ስለዚህ ቀኑን ጽፋችሁ ለጥፉበትና ከሦስት ወር ሳይዘል ተጠቀሙበት።

መረቁ ሲቀዘቅዝ በላዩ የሚረጋውን ነጭ ስብ አንሡት እንጂ አትጣሉት። በትንሽ ማሰሮ አቅልጣችሁ፣ የቀረው ውሃ እስኪተን ድረስ በዝግታ አሙቁት፣ አጥልላችሁ በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ነገ ሽንኩርት ስታቁላሉ ከዘይቱ ጋር አንድ ማንኪያ ጨምሩበት፤ በወጡ ውስጥ ሥጋ ባይኖርም ቤቱ የሥጋ ወጥ ይሸታል። ለቤት እንስሳ አጥንት የምትሰጡ ካላችሁ ግን የበሰለውን አትስጡ፤ የበሰለ አጥንት ተሰባሪ ነው፣ ስንጥሩም የውሻውን አንጀት ይወጋል።

ያዘጋጀሁት ይህን ያህል ነው። ጥያቄ ያላችሁ፣ በቤታችሁ የምትሠሩበት ሌላ መንገድ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከእናንተ መስማት እወዳለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።